በየቀኑ የምነዳትን ሙስታንግ ለድራግ ውድድር ለማዘጋጀት ከየት ልጀምር?

ባለጥቁሯ ሙስታንግ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የ2018 ሙስታንግ ጂቲ የምትባል ማስል ካር አለችኝ፤ ሞተሯ ካዮቲ የሚባለው ባለ 5.0 ሊትር ቪ8፣ ካምቢዮዋ ባለ 10 ማርሽ አውቶማቲክ ሲሆን፣ ከፋብሪካ ከወጣች ጀምሮ አንድ ብሎን አልተነካባትም። ሥራ የምሄደው በእሷ ነው፤ የአራት ዓመት ልጄ የምትቀመጥበት የሕፃን ወንበርም ከኋላ ታስሮባታል።

ባለፈው ወር ቡድስ ክሪክ ወደሚገኘው ሜሪላንድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ ሄጄ፣ ማንም ሰው የራሱን መኪና አምጥቶ በሚሞክርበት ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ድራግ፣ ማለትም ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሩብ ማይል፣ ሮጥኩ። ከአራት ሙከራዎቼ የተሻለው የሰዓት ወረቀት እንዲህ ይላል፦ የመጀመሪያው 60 ጫማ በ2.21 ሰከንድ፣ ሙሉው ሩብ ማይል በ12.74 ሰከንድ፣ የመጨረሻው ፍጥነት በሰዓት 112.6 ማይል። አጠገቤ የቆመችው ቴስላ እኔ ገና ጎማ እያጨስኩ ሳለሁ ያለ አንዳች ድምፅ ጥላኝ ሄደች።

ለዚህ ጉዳይ 4,000 ዶላር ያህል አስቀምጫለሁ። አንድ ጋራዥ የአየር ማስገቢያ፣ ማርሚታና የሞተር ኮምፒውተር ፕሮግራም በአንድነት ካስገጠምኩ 40 የፈረስ ጉልበት እንደምጨምር ነግሮኛል፤ ሌላው ደግሞ ታግሼ ገንዘቡን አጠራቅሜ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን ሱፐርቻርጀር እንድገዛ መክሮኛል። ፍላጎቴ ከ12 ሰከንድ በታች መግባት ነው፤ ነገር ግን መኪናዋ ሰኞ ጠዋት ያለ ችግር ሥራ የምታደርሰኝ ሆና መቀጠል አለባት። እናንተ ብትሆኑ ገንዘቡን በምን ቅደም ተከተል ታወጡታላችሁ?

የአሌክሳንድሪያው መካኒክ

ወንድሜ፣ ወረቀቱን ከነዝርዝሩ ስለጻፍክልን አመሰግናለሁ፤ አብዛኛው ሰው የመጨረሻዋን ቁጥር ብቻ ይዞ ስለሚመጣ የጎደለውን ለመገመት እንቸገራለን። ያንተ ወረቀት ግን መልሱን በውስጡ ይዞታል። የመጨረሻው ፍጥነት በዋናነት የሚነግርህ ሞተሩ ከመኪናዋ ክብደት አንጻር ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ሲሆን፣ ሰዓቱ ደግሞ ከዚያ ጉልበት ምን ያህሉ አስፋልቱን እንደያዘ ነው። 112.6 ማይል የደረሰች መኪና ሞተሯ ጤነኛ ነው። 60 ጫማ፣ ማለትም 18 ሜትር ያህል፣ ለመሄድ 2.21 ሰከንድ የፈጀባት መኪና ግን ጎማዋ ባዶውን እየተሽከረከረ ነበር። እዚያች 60 ጫማ ላይ የምታተርፋት አንድ አሥረኛ ሰከንድ መጨረሻው ላይ አንድ ተኩል፣ አንዳንዴም ሁለት አሥረኛ ሆና ትመለስልሃለች፤ ቀድመህ ያገኘኸውን ፍጥነት ቀሪውን 1,260 ጫማ ሙሉ ይዘኸው ትሄዳለህና።

ስለዚህ ከ4,000ው ዶላር መጀመሪያ የሚወጣው ለሁለት የኋላ ጎማዎችና ለሁለት ቸርኬዎች ነው። ድራግ ራዲያል የሚባሉት ጎማዎች በመንገድ ላይ ለመንዳት የተፈቀዱ ሲሆኑ፣ ላስቲካቸው ለስላሳ፣ ጎናቸውም እንደልብ የሚተጣጠፍ ነው። አሁን ያለህ ቸርኬ 19 ኢንች ከሆነ፣ ጎማው አጭር ጎን እንዲኖረው ስለሚያስገድድ፣ ወደ 18 ወይም ወደ 17 ኢንች ውረድ። የጎማው ጎን ከፍ ሲል በመነሻ ቅጽበት ይጨማደድና መሬት የሚነካው ክፍል ይሰፋል፤ ጉልበቱም በድንገት ሳይሆን ቀስ እያለ ያርፍበታል። ከመግዛትህ በፊት ግን ቸርኬው የኋላውን የፍሬን ካሊፐር ሳይነካ መዞሩን አረጋግጥ፤ ይህን ሳያደርጉ ገዝተው ቸርኬውን በሞረድ እንድበላላቸው የጠየቁኝ ሰዎች አሉ፤ አላደረግሁትም።

የኋላ ጎማዎቹን ንፋስ በመንገድ ላይ ከምትነዳበት 32 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ወደ 20 አውርደህ ጀምር፤ ከዚያም በየሩጫው አንድ አንድ ፒኤስአይ እየቀነስክ ወይም እየጨመርክ 60 ጫማህን ተመልከት። መነሻው አካባቢ ጫማህን የሚይዝ ሙጫ መሰል ፈሳሽ ስለሚረጭ፣ ጎማህ ንጹሕና ሞቅ ያለ መሆን አለበት። ከመነሻው በፊት ጎማ ለማርጠቢያ የሚደፋ ውሃ አለ፤ የፊት ጎማዎችህን ውሃው ውስጥ ሳታስገባ በጎን ዙረህ እለፍ፤ ከዚያ የኋላዎቹን ብቻ አርጥበህ ትንሽ ወደ ፊት ውጣና አሽከርክራቸው። ያንተ መኪና የፊት ፍሬን ብቻ ይዞ የኋላውን የሚለቀው ላይን ሎክ ከፋብሪካው አብሯት የመጣ ስለሆነ ለዚህ ተጨማሪ ዕቃ መግዛት አያስፈልግህም። ጭሱ መታየት ሲጀምር ይበቃል፤ ለቪዲዮ ብለህ ጎማህን አትጨርስ። ወደ ቤት ስትመለስ ንፋሱን መልሰህ ሙላ፤ ዝናብ ካለም በጣም ቀስ ብለህ ንዳ፤ የእነዚህ ጎማዎች ጥርስ ጥልቀት የለውምና ውሃ ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ ጋራዦቹ ያልነገሩህ ነው። ሙስታንግ ከ2015 ሞዴል ጀምሮ የግራውና የቀኙ የኋላ ጎማ ለየብቻው የሚንቀሳቀስበት ሱስፔንሽን አላት። ለመንገድ በጣም ምቹ ነው፤ ጎማው አስፋልቱን አጥብቆ ሲይዝ ግን ጎሚኒዎቹ እንደ ሞላ እየተጨመቁና እየተለቀቁ የኋላው ክፍል መዝለል ይጀምራል። ወንበርህ ሥር ድም፣ ድም፣ ድም የሚል ከሰማህ ወዲያውኑ እግርህን ከነዳጁ ላይ አንሳ። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛዬ ‘ትንሽ ዘለለች፣ እኔም አለቀቅኋትም’ ብሎ መኪናውን በተጎታች አመጣልኝ፤ ሥሯ ገብቼ ሳይ ከዲፈረንሻሉ ወደ ግራ ጎማ የሚወጣው አክስል እንደ ሸንኮራ አገዳ ተጠማዝዞ ተሰብሯል። ዲፈረንሻሉን የሚሸከመው ፍሬም እንዳይንቀሳቀስ የሚይዙት መቆለፊያዎችና ጠንካራ ጎሚኒዎች ከጎማው ጋር አብረው ይግቡ፤ ዋጋቸው ከአንድ አክስል ዋጋ ያነሰ ነው። ውስጧ ትንሽ ተጨማሪ ጉምጉምታ ትሰማለህ፣ ሌላ ጉዳት የለውም።

የአየር ማስገቢያና ማርሚታው ከዚህ በኋላ ይደረስበታል። 40 የፈረስ ጉልበት ጨምረህ በዚያው ጎማ ብትነሳ፣ የምትጨምረው ጭሱን ነው።

ቻሌንጀር 392 (ዳላስ)

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ። ቅር እንዳይልህ እንጂ፣ በጥብቅ አነጋገር ሙስታንግ ፖኒ ካር፣ ማለትም አነስ ያለች ስፖርታዊ መኪና፣ ነች፤ ማስል ካር የሚባለው እንደ 1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ መካከለኛ አካል ላይ ትልቅ ሞተር የተጫነበት ነው። የእኔዋ ባለ 6.4 ሊትሯ ቻሌንጀር ራሷ ማስል ካር የሚለውን ስም የያዘችው በክብደቷ ነው እላለሁ፤ ከ4,200 ፓውንድ በላይ ትመዝናለች፤ እኔ ስገባባት ደግሞ የባሰ ነው።

ክብደትን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በግምት 100 ፓውንድ መቀነስ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ይሰጥሃል፤ ይህም ገንዘብ አይጠይቅም። ያንተ መኪና ታንክ 16 ጋሎን ያህል የሚይዝ ሲሆን አንድ ጋሎን ቤንዚን 6 ፓውንድ ያህል ይመዝናል፤ ስለዚህ ሩብ ታንክ ይዘህ ብትሄድ ከሙሉ ታንክ 70 ፓውንድ ታተርፋለህ። የልጅህን ወንበርና ከኋላ ያለውን ኮተት ሁሉ ቤት አስቀምጥ።

ሌላው ነገር፣ ከ12 በታች መግባት ጥሩ ግብ ቢሆንም ውድድሩ ራሱ ሰዓት ብቻ አይደለም። እኔ ኤኒስ ባለው ቴክሳስ ሞተርፕሌክስ በብራኬት ውድድር የምሳተፍ ሲሆን፣ በዚያ ደንብ እያንዳንዱ ሰው መኪናው የምትሮጠውን ሰዓት አስቀድሞ መስታወቱ ላይ ይጽፋል። አንተ 12.50፣ ተቃራኒህ 10.50 ከጻፋችሁ፣ አንተ ሁለት ሰከንድ ቀድመህ ትለቀቃለህ። ከጻፍከው ሰዓት ፈጥነህ 12.49 ብትሮጥ ግን ተሸነፍክ፤ ተቃራኒህ ጊዜው ሳይደርስ ተነስቶ ቀይ መብራት ካላበራ ወይም ከጻፈው ሰዓት ካንተ በባሰ ካልፈጠነ በስተቀር። በመሆኑም ባለብዙ ጉልበቱ ሳይሆን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሚሮጠው ያሸንፋል። የገና ዛፍ የሚሉት የመብራት ምሰሶ ላይ ሦስቱ ብርቱካናማ መብራቶች በግማሽ ግማሽ ሰከንድ ልዩነት ይበራሉ፤ መነሳት ያለብህ ሦስተኛው ብልጭ ሲል ነው። አረንጓዴውን ጠብቆ የተነሳ ሰው ምንም ያህል ፈጣን መኪና ቢኖረው ዘግይቷል። ይህን ለመማር አንድ ዶላር አያስፈልግም፤ ደጋግሞ መሮጥን ይጠይቃል እንጂ።

ደኅንነትን በተመለከተ፣ በኤንኤችአርኤ (የአሜሪካ የድራግ ውድድር ማኅበር) ደንብ 13.99 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ ሁሉ የስኔል፣ ማለትም የደኅንነት ፈተና ማለፉን የሚያሳይ፣ ምልክት ያለው ሄልሜት ማድረግ አለበት፤ አንተ አሁንም እዚያ ውስጥ ነህ። በድሮ መኪኖች ላይ ከ11.49 ጀምሮ ሮል ባር፣ ማለትም መኪናው ቢገለበጥ ሰውን የሚከላከል የብረት ቱቦ፣ የሚጠየቅ ቢሆንም፣ ከ2008 እስከ 2013 የተሠሩት የፋብሪካው ኤርባግና ፀረ መቆለፍ ፍሬናቸው ካልተነካ እስከ 10.00፣ ከ2014 ወዲህ የተሠሩት ደግሞ እስከ 9.00 ድረስ ይፈቀድላቸዋል። ረጅም ሱሪና የተሸፈነ ጫማ አድርግ፤ ነጠላ ጫማ አድርገው መጥተው ከበር የተመለሱ አይቻለሁ።

ከዴንቨር

እኔ በአንድ ነገር እለያለሁ። በጀቱ ከበቃ ኢ85 ነዳጅ (ኤታኖል የሚባለው አልኮል የበዛበት ቤንዚን) እና ለእሱ የተዘጋጀ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከጎማው ጋር አብሮ ይግባ ባይ ነኝ። የ2018ቱ ካዮቲ የመጭመቅ መጠኑ 12 ለ 1 ስለሆነ፣ ሲጨመቅ ያለ ጊዜው በራሱ የማይቀጣጠለውን ኤታኖል በደስታ ይቀበለዋል፤ ልዩነቱም ወንበርህ ላይ ሆነህ የሚሰማህ ነው።

አየሩንም አትርሳ። እኛ ሞሪሰን ውስጥ በነበረው ባንዲሜር ስፒድዌይ፣ እስከ 2023 ድረስ፣ ከባሕር ወለል 5,800 ጫማ ያህል ላይ ነበር የምንሮጠው፤ ሱፐርቻርጀር የሌለው ሞተር እዚያ ከስድስት አንድ እጅ የሚሆነውን ጉልበቱን ያጣል። አዲስ አበባ ከዚያም ከፍ ትላለች፤ የአጎቴ መኪና እንጦጦን ስትወጣ ለምን ታቃስት እንደነበር የገባኝ እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። አንተ ባሕር ወለል ላይ ስለሆንክ ዕድለኛ ነህ፤ ነገር ግን የሐምሌን ሙቀትና ወበቅ ከጥቅምት ማታ ጋር አታወዳድር። በየወረቀቱ ጀርባ ላይ ሙቀቱን ጻፍበት።

የአሌክሳንድሪያው መካኒክ

የዴንቨሩ ወንድማችን ስለ አየሩ ያለው ትክክል ነው። በኢ85 ላይ ግን ቅደም ተከተሉን አልቀበልም። ፓምፑ ላይ ኢ85 ተብሎ የሚሸጠው ነዳጅ ውስጡ ያለው ኤታኖል እንደ ወቅቱና እንደ አካባቢው ከ51 እስከ 83 በመቶ ሊሆን ይችላል፤ በብርድ ወቅት ይቀንሳል። ከቤንዚን 30 በመቶ ያህል ተጨማሪ ነዳጅ ስለሚፈልግ፣ ፓምፑና ኢንጀክተሮቹ መብቃታቸውን ፕሮግራሙን የሚሠራው ሰው ከመኪናዋ በተቀዳ መረጃ ማረጋገጥ አለበት። የሕፃን ወንበር ያላት መኪና በየማደያው ኢ85 ስትፈልግ መኖር አለባት ወይ የሚለውን ጠያቂው ይመልስ።

ሱፐርቻርጀሩን በተመለከተ አሁን አትነካካው። የዚህ ሞተር የዘይት ፓምፕ ጥርሶች ከተጨመቀ የብረት ዱቄት የተሠሩ ስለሆኑ፣ ጉልበት ሲጨመርና ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ጣሪያው ላይ ሲንገጫገጭ ይሰነጠቃሉ። የዘይት ፓምፕ ሲሄድ ሞተሩ ተከትሎት ይሄዳል። ማንም የጭስ ማጽጃውን ካታሊስት እናውጣልህ ቢልህም እምቢ በል፤ በመንገድ ላይ ለሚነዳ መኪና በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው።

ባለጥቁሯ ሙስታንግ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት ሁለት ባለ 18 ኢንች ቸርኬዎች ከድራግ ራዲያል ጋር ገዝቼ፣ የፍሬሙን መቆለፊያዎችም አስገጥሜ፣ ካሰብኩት ገንዘብ ግማሹን እንኳ ሳልጨርስ ትናንት ማታ ተመለስኩ። ሩብ ታንክ ቤንዚን ይዤ፣ የልጄን ወንበር ቤት ትቼ ነበር የሄድኩት። የመጀመሪያው ሩጫ በ20 ፒኤስአይ 60 ጫማው 1.91 ሆነ። በሁለተኛው ወደ 18 ዝቅ አድርጌ፣ በፍሬን ይዤ 1,800 ዙር ላይ ስለቃት ጭንቅላቴ ወንበሩን መታው፤ 60 ጫማው 1.79፣ ሩብ ማይሉ 12.08፣ ፍጥነቱ 113.4 ማይል። የሞተሩ ጉልበት ያው ሆኖ ሳለ ሁለት ሦስተኛ ሰከንድ ያህል ወረደ። የመነሻ ምላሼ ግን አሁንም ያሳፍራል፤ አንዱ ወረቀት 0.9 ይላል፤ አረንጓዴውን እየጠበቅሁ ነበር።

በሦስተኛው ወደ 16 ሳወርደው ግን ወደ 1.84 ተመለሰ፤ መጨረሻ አካባቢም ኋላዋ እንደ መዋዠቅ አለች። የቀሩኝን ስምንት መቶኛ ሰከንዶች ከንፋሱ ላይ ላገኛቸው እችላለሁ ወይስ ቀዝቃዛ ማታ ልጠብቅ?

የአሌክሳንድሪያው መካኒክ

ጎበዝ። ከ18 አትውረድ፤ መዋዠቁ የጎማው ጎን ከመጠን በላይ ስለላላ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ንገረኝ፤ 18ቱን የለካኸው ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው ወይስ አሽከርክረኸው ከሞቀ በኋላ?