በፒኤችፒ የአማርኛ ዓምዶች ለምን ይዛነፋሉ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የአንድ መደብር የዕለት ሽያጭ ዝርዝር ማታ ማታ በጽሑፍ ፋይል የሚያወጣ ትንሽ ስክሪፕት በፒኤችፒ 8.1 የፕሮግራም ቋንቋ እየጻፍሁ ነው። የዕቃውን ስም ተቀብሎ 20 ቦታ እስኪሞላ ድረስ በስተቀኙ ባዶ ቦታ የሚጨምርለትና ዋጋውን የሚያስከትል አጋዥ ፈንክሽን ሠርቻለሁ፤ ለመሙላት የተጠቀምሁት «ስትር ፓድ»ን ነው። በላቲን ፊደል የተጻፉት ስሞች ቀጥ ብለው ይሰለፋሉ፤ አማርኛዎቹ ግን ይዛነፋሉ። «ስንዴ» ባለበት መስመር ዋጋው 15ኛው ቦታ ላይ፣ «በርበሬ» ባለበት ደግሞ 13ኛው ላይ ይጀምራል፤ «የስንዴ ዱቄት» ላይ ጭራሽ ከስሙ ጋር ተጣብቆ ይወጣል። ጽሑፍን በተወሰነ ስፋት የሚያዘጋጀውን «ስፕሪንትኤፍ»ን ብሞክርም ያው ነው። ስህተቴ የቱ ጋ ነው?

መልስ 1፦
የእርስዎ ስሌት አልተሳሳተም፤ «ስትር ፓድ» የሚቆጥረው ፊደልን ሳይሆን ባይትን (የኮምፒውተር ማከማቻ መለኪያን) ስለሆነ ነው። በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በባይት በሚጻፉበት ሥርዓት) አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ «ስንዴ» ለእኛ 3 ፊደል ብትሆንም ለፈንክሽኑ 9 ባይት ናት፤ እስከ 20 ለመሙላት 17 ባዶ ቦታ መጨመር ሲገባው 11 ብቻ ጨምሮ ያቆማል። «የስንዴ ዱቄት» ደግሞ በመካከሉ ካለው ባዶ ቦታ ጋር 22 ባይት ስለሚሆን፣ ከ20 አልፏል ብሎ ምንም አይጨምርለትም። «ስፕሪንትኤፍ»ም ስፋትን የሚለካው በዚያው በባይት ነው።

መልስ 2፦
ከፒኤችፒ 8.3 ጀምሮ «ኤምቢ ስትር ፓድ» የሚባል፣ በፊደል የሚቆጥር ፈንክሽን ስለተጨመረ፣ ሰርቨሩን ማሳደግ ከቻሉ ነገሩ በአንድ ቃል ለውጥ ያልቃል። በ8.1 መቆየት ግድ ከሆነ ግን «ስትር ፓድ»ን ሳይተዉ የሚሰጡትን ስፋት ያስተካክሉ፦ ከ«ስትርሌን» (ባይት ቆጣሪው) ውጤት የ«ኤምቢ ስትርሌን»ን (ፊደል ቆጣሪው) ውጤት ይቀንሱና ልዩነቱን በ20 ላይ ይደምሩ። ለ«ስንዴ» 9 ሲቀነስ 3፣ 6 ነው፤ ስፋቱን 26 ብለው ሲሰጡት 17 ባዶ ቦታ ይጨምራል፤ ከሦስቱ ፊደላት ጋር ልክ 20 ይሆናል። ለላቲን ስሞች ልዩነቱ ዜሮ ስለሚሆን ያው ፈንክሽን ለሁሉም ያገለግላል። «ኤምቢ» ብለው የሚጀምሩት ፈንክሽኖች የሚገኙበት የ«ኤምቢስትሪንግ» ቅጥያ ሰርቨሩ ላይ መከፈቱን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ካልተከፈተ ስክሪፕቱ ፈንክሽኑን አላውቀውም ብሎ ይቆማል።

ጠያቂ፦
እጅግ አመሰግናለሁ፤ በ8.1 ላይ ሠርቶልኛል። አንድ ነገር ግን ቀርቶኛል። ረጃጅም ስሞችን ለማሳጠር አስቀድሜ በ«ሰብስትር» እስከ 20 እቆርጣቸዋለሁ፤ «የስንዴ ዱቄት» ላይ የመጨረሻዋ «ት» ጠፍታ በቦታዋ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ቅርጽ ይታየኛል።

መልስ 1፦
ምክንያቱ አሁንም ባይት ነው። የ«ት» ሦስት ባይቶች 20ኛው፣ 21ኛውና 22ኛው ናቸው፤ «ሰብስትር» 20ኛው ላይ ሲቆርጥ ፊደሏን ከሦስት አንድ እጇን ብቻ አስቀርቶላታል። በፊደል እየቆጠረ በሚቆርጠው በ«ኤምቢ ሰብስትር» ይተኩት። ቅደም ተከተሉንም እንዳለ ይጠብቁት፤ መጀመሪያ መቁረጥ፣ ልዩነቱን ከተቆረጠው ስም ላይ ማስላት፣ ከዚያ መሙላት። ልዩነቱ ከመቁረጡ በፊት ከተሰላ ረጃጅሞቹ ስሞች እንደገና ይዛነፋሉ።

መልስ 3፦
ቁጥሩ ሁሉ ትክክል ሆኖም ዓምዱ ለዓይን ሊወላገድ እንደሚችል ልጨምር። በብዙዎቹ የግዕዝ ፎንቶች «ጨ» ከ«ነ» በጣም ትሰፋለች፤ ፊደላቱ እኩል ስፋት ከሌላቸው ባዶ ቦታ ቆጥሮ ማሰለፍ አያዋጣም። ዝርዝሩን ሰው በስክሪን የሚያነበው ከሆነ በኤችቲኤምኤል ሰንጠረዥ ማውጣቱን እመርጣለሁ። ሒሳብ ሠራተኛው በኤክሴል የሚከፍተው ከሆነም መሙላቱን ትተው ዓምዶችን በኮማ ለይቶ በሚጽፈው በ«ኤፍፑትሲኤስቪ» ይጻፉት፤ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ የዩቲኤፍ-8 መለያ የሆኑትን 3 ባይቶች ያስቀድሙ፤ ያለዚያ ኤክሴል አማርኛውን ትርጉም በሌላቸው ምልክቶች ሊያሳየው ይችላል።