ክርክር፦ ከውጭ በሚገባ ጫማ ላይ ቀረጥ ይጨመር ወይስ አይጨመር?

የጫማ ሠሪ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። ከውጭ በሚገባ ጫማ ላይ ቀረጥ መጨመር አለበት እላለሁ። ለተወሰኑ ዓመታት ጭራሽ ቢታገድም አልቃወምም።

አባቴ ያሳደገን መርካቶ፣ ሸራ ተራ ጫማ እየሰፋ ነው። ከ1993 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ልጅ ነበርኩ፣ ግን ያኔ ቤታችን ውስጥ የነበረውን ዝምታ እስከዛሬ አልረሳውም። ስድስት ሠራተኛ ነበረው፤ ሁለት ቀሩ። አንድ ማታ አንድ የቻይና ጫማ ገዝቶ መጣና መብራት ስር ቁጭ ብሎ በቢላ ፈታው። ሶሉን ገነጠለው፣ ገበሩን ገለጠው፣ ውስጡ ካርቶን ነው። «ይሄ እኮ አንድ ክረምት አይሻገርም» አለ። ልክ ነበር። ሰው ግን የሚገዛው ኪሱን አይቶ ነው፣ ክረምቱን ማን ያስባል።

ያደጉት አገሮች ሁሉ በልጅነታቸው ገበያቸውን ጠብቀዋል። ደቡብ ኮሪያ እስከ 1999 (እንደ አውሮፓውያን) ድረስ የጃፓን መኪና አታስገባም ነበር። ለእኛ ሲሆን ለምን ነውር ይሆናል?

ሒሳብ ወዳዷ፦
ወንድሜ፣ የአባትህ ነገር ልቤን ነክቶታል። ግን «ይጨመር» ከማለታችን በፊት አሁን ያለው ስንት እንደሆነ እንይ። ያለቀለት ዕቃ የሚከፍለው ከፍተኛው የጉምሩክ ቀረጥ 35 በመቶ ነው። በላዩ ላይ ሱር ታክስ የሚባል ተጨማሪ ታክስ 10 በመቶ አለ፣ ከዚያ ቫት 15 በመቶ። ወደብ ማጓጓዣውን ጨምሮ 1000 ብር የሆነ ጫማ እነዚህን ብቻ ከፍሎ ሲወጣ 1707 ብር ከ75 ሳንቲም ይሆናል። ሌሎች ጥቃቅኖችን ሳልቆጥር ነው። ስለዚህ ጥበቃ የለም አትበል፤ አለ፣ ያውም ከባድ።

ደግሞ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የሆነውን አስብ። አንድ ዶላር 57 ብር ነበር፣ የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። የውጭ ዕቃ ዋጋ በብር ሲታሰብ በእጥፍ ጨመረ ማለት ነው። ማንም ሚኒስትር እንዲህ ያለ ቀረጥ ለመጣል አይደፍርም። ታዲያ የአገር ውስጥ ጫማ ገበያውን ለምን ጠቅልሎ አልያዘም?

የጫማ ሠሪ ልጅ፦
መልሱን እኔ ልንገርሽ። ሶሉም ማስቲሹም ዚፑም ክሩም በዶላር ስለሚመጣ ነው። የኛ ቆዳውና ጉልበቱ ብቻ ነው።

ሒሳብ ወዳዷ፦
እኔም የምለው እሱን ነው! ያለቀው ጫማ ላይ ቀረጥ ብትቆልል አባትህ የሚገዛው ሶል አይረክስለትም።

የሦስት ልጆች እናት፦
ይቅርታ፣ እኔ ኢኮኖሚ አላጠናሁም፣ ግን ጫማውን የምገዛው እኔ ነኝ። መስከረም ሲጠባ ሦስት ልጅ ጫማ ይፈልጋል። ባለፈው ዓመት ለትንሹ ልጄ የአገር ውስጥ የቆዳ ጫማ ጠየቅሁ፤ ጠንካራ ነው፣ ያምራል፣ ግን በዋጋው ሁለቱን ትልልቆቹን ከውጭ በመጣው ፕላስቲክ ማጫማት እችል ነበር። ምን ላድርግ? ጫማ ሠሪው እንዲበላ እፈልጋለሁ፣ ከልቤ። ግን እሱን የማግዘው የልጄን እግር ባዶ አድርጌ ከሆነ ማን ማንን እያገዘ ነው?

ደግሞ የውጩ ሲወደድ የአገር ውስጡ በዋጋው የሚቆይ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ያኔውኑ ተከትሎት ይወጣል።

ከሜሪላንድ፦
እህቴ የመጨረሻዋ አባባልሽ በዓይኔ ያየሁት ነው። እ.አ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ የትራምፕ መንግሥት ከውጭ በሚገባ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ላይ ቀረጥ ጣለ፤ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ለሚገባው በመጀመሪያው ዓመት 50 በመቶ ደርሶ ነበር። የማጠቢያው ዋጋ ወደ 12 በመቶ ጨመረ፤ አሜሪካ ውስጥ የሚመረተውም አብሮ ነው የወጣው። የሚገርመው ግን ማድረቂያው ነው። ማድረቂያ ላይ ምንም ቀረጥ አልተጣለም፣ ሆኖም ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሸጡ እሱም ተወደደ። በኋላ ጉዳዩን ያጠኑ ኢኮኖሚስቶች ወደ 1800 የሚጠጋ ሥራ ተፈጥሯል ብለው አሰቡና ለእያንዳንዱ ሥራ ሸማቹ በዓመት ከ800 ሺህ ዶላር በላይ እንደከፈለ አገኙ። ሀብታም አገር ይችለዋል። የመርካቶ ሸማችስ?

ጅግጅጋ መንገድ፦
ሁላችሁም ዕቃው በጉምሩክ በኩል እንደሚገባ አድርጋችሁ ነው የምታወሩት። እኔ በዚህ መስመር ዓመታት ነድቻለሁ። ቀረጥ በጨመረ ቁጥር ኮንትሮባንዱ ይጦፋል፣ ይሄ እዚህ ለሚኖር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ሰልባጅ ማስገባት ክልክል ነው አይደል? የትኛው ከተማ ነው ሰልባጅ የማይሸጥበት? ናይጄሪያ የሩዝ ገበሬዋን ለመጠበቅ እ.አ.አ. ከነሐሴ 2019 ጀምሮ የየብስ ድንበሯን ዘግታ ነበር፤ የምግብ ዋጋ ጣሪያ ነካ፣ በታኅሣሥ 2020 መክፈት ጀመረች። ሕጋዊው አስመጪ ቀረጥ ከፍሎ ይከስራል፣ በሌሊት ያሻገረው ያተርፋል። ይሄን ሳትመልሱ ቁጥር መጨመር ማለት ለኮንትሮባንዲስት ደሞዝ መጨመር ነው።

የጫማ ሠሪ ልጅ፦
ጅግጅጋ መንገድ፣ ይሄኛው ከብዶኛል፣ መልስ የለኝም። ግን ሌባ አለ ተብሎ በር ሳይዘጋ አይታደርም።

ከሜሪላንድ ለጻፍከው ደግሞ፦ አሜሪካ ማጠቢያ የሚሠሩ ትልልቅ ኩባንያዎች ቀድሞም ነበሯት። እኛ ገና ዳዴ እያልን ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ኪጋሊ የሠራሁ፦
ዳዴ ከተባለ ሩዋንዳን አንሱ እንጂ። እ.አ.አ. በ2016 በአሮጌ ልብስ ላይ ያለውን ቀረጥ በኪሎ ከ20 ሳንቲም ወደ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም አሳደጉት። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያም አብረው ሊያስቆሙ ተስማምተው ነበር። የአሜሪካ አሮጌ ልብስ ነጋዴዎች ከሰሱ፣ ዋሽንግተን ከአጎዋ (የአፍሪካ ዕቃ ከቀረጥ ነፃ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል) አስወጣችኋለሁ አለች፣ ሦስቱ አፈገፈጉ። ሩዋንዳ ግን አልሸሸችም፤ በሐምሌ 2018 ልብሷ ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ታገደ። እኔ በዚያ ጊዜ እዚያ ነበርኩ። ሰዉ ኮርቶ ነበር፣ ይህን አልክድም። ገበያው ላይ ግን በአሮጌው ምትክ የበዛው የሩዋንዳ ልብስ ሳይሆን አዲስ ርካሽ የቻይና ልብስ ነበር። አንዱን በር ዘግተው በሌላው ገባባቸው። የልብስ ስፌት ሥራም ተከፍቷል፣ የለም አልልም፣ ግን የተጠበቀውን ያህል አይደለም።

ቆዳ ነጋዴ የነበርኩ፦
ሁላችሁም ስለ ጫማ ታወራላችሁ፣ ቆዳው የት ደረሰ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔ የከሰርኩት በጥበቃ ነው፣ ስለዚህ ስሙኝ።

በ2000 ዓ.ም. መንግሥት ጥሬና በከፊል የተዘጋጀ ቆዳ ወደ ውጭ በሚልክ ላይ 150 በመቶ ታክስ ጣለ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ቆዳው አገር ውስጥ ይቅር፣ ፋብሪካው ያለቀለት ቆዳና ጫማ ይሥራበት። ግን ምን ሆነ? ውጭ መሸጥ ከተዘጋ ገዢው ጥቂት ፋብሪካ ብቻ ነው። ዋጋውን እነሱ ይወስናሉ። ገበሬው የሚያገኘው ከዓመት ዓመት እየወረደ ሲመጣ ቆዳውን በጥንቃቄ መግፈፉን ተወ፤ ቢላ የበሳው፣ ጨው ያላየ ቆዳ መምጣት ጀመረ። ፋብሪካዎቹ በኬሚካልና በዶላር እጥረት ሲዳከሙ፣ በዓለም ገበያም ሰው ሠራሹ ሲበዛ፣ ዞር ብለን የምንሸጥለት ሌላ ሰው አልነበረም።

ድሮ ለፋሲካ በግ ሲታረድ ገና ተገፎ ሳያልቅ «ቆዳ ያለው! ቆዳ!» የሚል ልጅ በር ላይ ይቆም ነበር። እናቶች የቆዳውን ብር ለቅመማ ቅመም ያደርጉታል። አሁን በበዓል ማግስት ውጡና እዩ፤ ቆዳው ቱቦ ውስጥ ተጥሎ ይሸታል። አንድ ማለዳ የራሴን በግ ቆዳ የሚወስድልኝ አጥቼ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። ሃያ ዓመት በቆዳ ልጅ ያሳደግኩ ሰው ነኝ።

የጫማ ሠሪ ልጅ፦
ጋሼ፣ ይህን ሳነብ አባቴን ያየሁ መሰለኝ። አዝናለሁ።

ሒሳብ ወዳዷ፦
ጋሽ ቆዳ የነገረንን ያዙልኝ። የቆዳው ታክስ ማብቂያ ቀን አልነበረውም። እኔ ጥበቃን በደፈናው አልቃወምም። የምቃወመው «እስኪጠነክሩ» የሚለውን ቃል ነው። መቼ ነው የሚጠነክሩት? ማን ነው የሚለካቸው?

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳያገኙ ሲከለከል አስታውሱ፤ ውስኪ፣ ሽቶ፣ ማስቲካ፣ ሰው ሠራሽ ፀጉር፣ መኪና ሳይቀር። ምክንያቱ የዶላር እጥረት ነበር እንጂ ጥበቃ አይደለም፣ እሱን አውቃለሁ። ግን ሲጣል ማብቂያው አልተነገረም፣ በሐምሌ 2016 ሲነሳም አብዛኛው ሰው ድንገት ነው የሰማው። እንዲህ ባለ አሠራር ማን ፋብሪካ ይከፍታል? ባለሀብቱ ነገ የሚሆነውን አያውቅም።

ሌላው፣ ሸራ ተራ ያንን የቻይና ጎርፍ ያለ እገዳ ነው የተሻገረው። ዲዛይን ቀየሩ፣ ሶሉን አሻሻሉ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የወንዶች የቆዳ ጫማ ገበያውን መልሰው ያዙ። ይህ በኢኮኖሚስቶችም ተጠንቷል።

የጫማ ሠሪ ልጅ፦
አውቃለሁ፣ እኮራባቸዋለሁም። አባቴ ግን ከነሱ ውስጥ አልነበረም። የተሻገሩት ይጠናሉ፣ ሱቃቸውን የዘጉት ቁጥር ውስጥ አይገቡም። ለሦስት ዓመት እንኳ ፋታ ቢያገኝ ኖሮ እሱም ሶሉን ያሻሽል ነበር ብዬ አምናለሁ። አንቺ ቁጥሩን ታያለሽ፣ እኔ የሱን እጅ ነው ያየሁት።

እሺ፣ ሐሳቤን ላስተካክል። እገዳውን ትቼዋለሁ። መጀመሪያ ሶል፣ ማስቲሽና ዚፕ ላይ ያለው ቀረጥ ይነሳ። ከዚያ ያለቀው ጫማ ላይ ትንሽ ይጨመር፣ ለሦስት ዓመት ብቻ፣ የሚያበቃበት ቀን አዋጁ ላይ በቁጥር ተጽፎ።

ሒሳብ ወዳዷ፦
በመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። በሁለተኛው አልስማማም፤ መጀመሪያ ሶሉን አርክሰን አንድ ዓመት እንይ።

የሦስት ልጆች እናት፦
እኔም እንደሷ። ግን ሶሉ ሲረክስ ጫማው መርከሱን የሚያይ ሰው ይኑር። ካልሆነ ትርፉ መሐል ላይ ይቀራል።

የጫማ ሠሪ ልጅ፦
አሁን አባቴ ጋ ደውዬ ነበር። ሰባ አልፎታል፣ ዓይኑ ደክሟል፣ ግን አሁንም የሰፈሩን ጫማ ይጠግናል። ክርክራችንን ነገርኩት። ስለ ቀረጡ ምንም አላለም። «ጥሩ ሶል ዛሬ ስንት ገባ?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ቅዳሜ ሸራ ተራ ሄጄ አጣርቼ ዋጋውን እዚሁ አመጣላችኋለሁ።