ዑስፊያ ላይ ቤት መከራየት፦ ድሩዞች መካከል የኖረ አለ?

ሰላም ለሁላችሁ። ቤተ እስራኤል ነን፣ ሃይፋ ነው የምንኖረው፣ ሁለት ልጆች አሉን፣ ኪራዩን አልቻልነውም። ባለቤቴ ሠራዊት ውስጥ አብሮት የነበረ ድሩዝ ጓደኛ አለው (ድሩዞች የራሳቸው ሃይማኖት ያላቸው ዓረብኛ ተናጋሪዎች ናቸው)፤ «ዑስፊያ ኑ፣ እኛ ቤት አንድ ፎቅ ባዶ ነው» አለን። ቀርሜሎስ ተራራ ላይ ያለችው መንደር ናት። እንዴት ይቀበሉናል?

— እህቴ፣ እኛ እዚያ ኖረናል። ስለ አቀባበሉ አታስቢ። ዕቃሽን ሳታወርጂ ሄል የገባበት መራራ ቡናና ላብኔ (ከእርጎ የሚሠራ ለስላሳ አይብ) የተቀባ ቂጣ ይመጣልሻል፤ እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው።

ግን እንግዳ ሆነሽ ትኖሪያለሽ እንጂ የመንደሩ ሰው አትሆኚም። ሃይማኖታቸው እ.ኤ.አ. ከ1043 ጀምሮ አዲስ ሰው አይቀበልም፣ ከውጭም አይጋቡም። መሬቱም ከአባት ወደ ልጅ ነው የሚያልፈው። ፎቅ በፎቅ ላይ የሚሠሩት ወንድ ልጅ ሲያገባ እንዲገባበት ነው፤ ስለዚህ ያ ፎቅ ለምን ባዶ እንደሆነ ጠይቂ። ለታናሹ የተቀመጠ ከሆነ ሠርጉ የተቆረጠ ዕለት ውጡ መባላችሁ ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የግንባታ ፈቃድ እንዳለውም እዪ፤ በድሩዝ መንደሮች ፈቃድ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ብዙ ቤት ያለ ፈቃድ ተሠርቷል፣ መብራት ማስገባት ራሱ ጣጣ ነው።

ለበዓል ጠላ ከጠመቅሽ ለሃይማኖተኞቹ አታቅርቢ፣ አይጠጡም። ነጭ ሻሽ ከተከናነቡት እናቶች ጋር ግን ቶሎ ትግባቢያለሽ። ዮቶርን፣ የሙሴን አማት፣ እንደ ነቢይ ያከብሩታል፤ በየዓመቱ ሚያዝያ ወር ላይ ጥብርያዶስ አጠገብ ሒጢን ወዳለው መቃብሩ ይወጣሉ። አማቴ ይህን ሲሰሙ ወሬው አላልቅ አላቸው።

የጥንት ፍርስራሽ ማየት ከወደዳችሁ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1930 መንደሩ ውስጥ የጥንት ምኩራብ ወለል ተገኝቷል፤ በሞዛይክ የተሠራ፣ «ሰላም ለእስራኤል» የሚል ጽሑፍ ያለበት። የጥንቷ ሑሲፋ የምትባለው የአይሁድ መንደር እዚያ ነበረች። ትኬት የሚቆረጥበት ቦታ አይምሰልሽ፣ መኖሪያ ቤቶች መሃል ነው። አጎቴ ይህን ሰምተው አከራያችን ፊት «እንግዲያው ቀድመን የነበርነው እኛ ነን» ሲሉ «ኧረ ጋሼ ይተዉ!» አልኩ። ሰውዬው ሳቀ፣ ቡና ጨመረልን።

— እኔ ግን ይህ «የጦር ወንድማማችነት» የሚባለው ወሬ ብቻውን አያኖርም ባይ ነኝ። የድሩዝ ወንዶች እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ በግዴታ ይዘምታሉ፣ ሆኖም በ2018 እስራኤልን የአይሁድ ሕዝብ አገር ብሎ የሚደነግገው የብሔር ሕግ ሲወጣ ተቆጥተው ቴል አቪቭ ያለውን ራቢን አደባባይ ሞሉት። በ2015 እኛ ቤተ እስራኤሎች ዘረኝነትን ተቃውመን የጮኽንበት አደባባይ ማለት ነው። ብሶታችን ይቀራረባል፣ ኑሯችን ግን ይለያያል። የመንደሩ ትምህርት ቤት በዓረብኛ ነው፤ ልጆችሽን በየጠዋቱ ሃይፋ ልታመላልሺ ነው? ቄሶቻችንም ቅርብ አይደሉም፣ ለልቅሶም ለሠርግም ሁልጊዜ ተጓዥ እናንተ ናችሁ። መኪና አንድ ብቻ ከሆነ አልመክርሽም።

— መኪናው እውነት ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ክረምቱ ጉም ነው፣ ቤቱ ድንጋይ ነው፣ ማሞቂያው ኪስ ያራቁታል። ሃይፋ ከምትከፍሉት ኪራይ ጋር ስታወዳድሩ የጥርና የየካቲትን የመብራት ሒሳብ ደምሩበት፤ ባለቤቱን የአምናውን ደረሰኝ አሳየን በሉት፣ አይቀየማችሁም።