የአባትሽን ሴይኮ አዳማ ውስጥ ለማን ትስጪ? (ጥቆማ)

የአባቷን አሮጌ ሴይኮ 5 የእጅ ሰዓት ይዛ «አዳማ ላይ ማን ይሠራልኛል? ኦርጅናል መሆኑንስ በምን ልወቅ?» ብላ ለጠየቀችው እህታችን ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ እኔም በዚሁ ተቃጥያለሁ።

የእኔን አባት ሴይኮ የዛሬ ሦስት ዓመት ለአንድ ሱቅ ሰጠሁት። «መሙያው አይሞላም፣ ተበላሽቷል» አሉኝ። አመንኳቸው። ለካ የሰዓቱ ማሽን፣ 7009 የሚባለው፣ ደህና ሆኖ ሲሠራም መሙያውን አዙረሽ የምትሞዪው አይደለም፤ እጅ ላይ ሲወዛወዝ ራሱ ይሞላል! በሳምንቱ ስመለስ ሰዓቱ እንደ አዲስ ሳህን ያብለጨልጫል። ፖሊሽ አድርገውታል። የቀፎው (ማሽኑን የያዘው የውጪ ብረት) ሹል ጠርዝ እንዳለቀ ሳሙና ሟሟ። ፊቱ ላይ ያሉት ነጥቦች በዕድሜ ቡናማ ሆነዋል፣ አዲሶቹ ጠቋሚዎች ግን እንደ ሎሚ አረንጓዴ። አሮጌዎቹስ? «ጣልናቸው፣ አሳመርንልህ እኮ!»

ስለዚህ ለማንም ከመስጠትሽ በፊት ራስሽ እዪው። በስልክሽ አስጠግተሽ አንሺና አጉልተሽ ተመልከቺ። ጀርባው ላይ እንደ 7009 ወይም 6309 ያለ አራት አሃዝ አለ፤ የማሽኑ ቁጥር ነው። ፊቱ ላይ ከ6 ቁጥር ግርጌ፣ እንደ ጉንዳን እግር በቀጠነ ጽሕፈት፣ ያው አራት አሃዝ መኖር አለበት። ክዳኑ ሲከፈት ማሽኑም ላይ ታገኚዋለሽ። ካልተስማሙ ሰዓቱ ከሌላ ሰዓት ዕቃ ተገጣጥሟል። ከአራቱ አሃዝ ቀጥሎ፣ ከሰረዙ (-) በኋላ ያለው ቁጥር ቢለያይ አትደንግጪ፤ ጀርባው ላይ ያለው የቀፎው፣ ፊቱ ላይ ያለው የፊቱ መለያ ነው። ጀርባው ላይ ያለው ረጅሙ ቁጥር ደግሞ ዕድሜውን ይነግርሻል፦ የመጀመሪያው አሃዝ የዓመቱ የመጨረሻ ቁጥር፣ ሁለተኛው ወር። ለምሳሌ በ53 ከጀመረ የማርች 1975 ወይም የማርች 1985 እ.ኤ.አ. ነው።

በአብዛኞቹ ሴይኮ 5 ላይ መሙያው የሚቀመጠው 4 ቁጥር ጋ ነው (በኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ላይ)። የቀኑ ስም በዐረብኛ ከመጣ «ተቀይሯል» የሚልሽን አትስሚ። ለዐረብ አገር ገበያ እንዲያ ተደርገው የተሠሩ ሴይኮዎች አሉ፤ ከጅዳ የመጣ ሰዓት ደግሞ በየቤታችን አለ። በጣም የሚያምር ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሰማያዊ ፊት፣ ወፍራምና የተንጋደደ ጽሑፍ ካየሽ ግን ጠርጥሪ። ህንድ ውስጥ እንደገና የተቀቡ ፊቶች ገበያውን ሞልተውታል።

አሁን ወደ ሠሪዎቹ። ባትሪና ማሰሪያ የሚሸጡት ሱቆች ለማሰሪያ፣ ለባትሪና ለመስታወት ጥሩ ናቸው፤ ፈጣኖችም ናቸው። አሮጌ አውቶማቲክ (እጅ ላይ ራሱ የሚሞላ) ሰዓት ግን አልሰጣቸውም። የመንገድ ዳር ሽማግሌዎቹን እመርጣለሁ። እኔ ፍራንኮ አካባቢ የማሠራቸው ጋሼ የሞቱ ሰዓቶች የታጨቁበት ቆርቆሮ ሳጥን አላቸው። ዕቃ ሲጎድል አዲስ የቻይና ከመግጠም ከዚያው ዘመን ሴይኮ አውጥተው ይገጥማሉ። መንገድ ዳር መሥራት ክፋቱ የአዳማ አቧራ ነው። ጋሼ ራሳቸው ነፋስ ሲነሳ ክዳን አይከፍቱም፤ በነፋስ ከፍቶ የሚሠራ ካየሽ እለፊው። እንደ ኦሜጋ ወይም ቲሶ ያለ የስዊስ ሰዓት ከሆነ ግን አዲስ አበባ ድረስ መሄዱ ያዋጣል፤ በፈጣን መንገዱ ሩቅ አይደለም።

የስዊስ ሰዓት ያላችሁ፣ ከ6 ቁጥር ግርጌ «ስዊስ» ከሚለው ግራና ቀኝ «ቲ» የሚል ፊደል ካለ በጨለማ የሚያበራው ቀለም ትሪቲየም የሚባል ጨረር አመንጪ ነገር አለበት። ትሪቲየሙ በየ12 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ የ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰዓት ዛሬ በጨለማ ቦግ ካለ ቀለሙ ተቀይሯል። ከዚያ የሚያረጁት ላይ ራዲየም የሚባል ሌላ ጨረር አመንጪ ሊኖር ይችላል፤ እሱን አትፋቁ፣ በአፍም እፍ አትበሉት፣ ብናኙ መርዝ ነው።

የተቀየረ ሁሉ ግን ጥፋት አይደለም። መስታወት፣ የውኃ መከላከያ ጎማ፣ የውስጥ ስፕሪንግ ያልቃሉ፤ ይቀየራሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ ፊት፣ ጠቋሚና ቀፎ ነው።

ስትሰጪ ሁለት ነገር ተናገሪ፦ «ክዳኑን እኔ እያየሁ ይክፈቱልኝ፣ የወጣውን ዕቃ በሙሉ ይመልሱልኝ።» ጋሼ ባለፈው የተቧጨረውን መስታወት እንኳ በሲጋራ ወረቀት ጠቅልለው ነው የሰጡኝ። ቀድመው ስለ ፖሊሽ ማውራት ከጀመሩ አመስግነሽ ሰዓትሽን ይዘሽ ውጪ።