ቤቢ ሞኒተር ለአዳማ ቤት፦ ብሎኬት ግድግዳ፣ አጎበር፣ የመብራት መጥፋት

አራስ_ቤት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ልጁ 3 ወሩ ነው። ሌሊት እኛው ክፍል ስለሚያድር ችግር የለም፤ ችግሩ ቀን ነው። መኝታ ቤቱ ከፊት ነው፣ ማድ ቤቱ ደግሞ ጓሮ ሰርቪስ ውስጥ። በመካከላቸው ሁለት የብሎኬት ግድግዳና 12 ሜትር የሚሆን ግቢ አለ። በር ከተዘጋ ልቅሶው አይሰማም፤ ከተከፈተ ደግሞ አቧራው አይጣል ነው።

ገበያ ላይ ያለው ቤቢ ሞኒተር (የልጁን ድምፅ ወይም ምስል ሌላ ክፍል የሚያደርስ ዕቃ) ሦስት ዓይነት ነው፤ ድምፅ ብቻ የሚያሰማ፣ የራሱ ስክሪን ያለው ካሜራ፣ እና በስልክ የሚታይ የዋይፋይ ካሜራ። ለእንዲህ ዓይነት ቤት የቱ ይሻላል? ከአሜሪካ ሊላክልን ይችላል፤ የዚያ አገር ዕቃ እዚህ ይሠራል? መብራት ሲጠፋስ? ልጁ አጎበር ውስጥ ነው የሚተኛው፣ ቬንቲሌተርም አለ። እግር ላይ ታስሮ የልብ ምትና ኦክስጅን የሚለካ ካልሲም አለ ይላሉ፤ ያስፈልጋል?

ሽቦ_ፈቺ፦

እህቴ እንኳን ደስ አለሽ፣ ልጁን ያሳድግልሽ።

ከዕቃው በፊት ግድግዳውን አስቢ። ካርቶኑ ላይ «300 ሜትር» የሚለው ምንም በማይጋርደው ሜዳ ላይ ነው፤ ቤት ውስጥ 50 ሜትር ከሰጠ ጥሩ ነው። ብሎኬት ሲግናል ያዳክማል እንጂ አይገድልም። የሚገድለው ብረት ነው፦ የላሜራ በር፣ የቆርቆሮ ግድግዳ፣ ፌሮ የበዛበት ሶሌታ። ማድ ቤቱ የላሜራ በር ካለው ተቀባዩን (አንቺ ጋ የሚሆነውን) ከበሩ ጀርባ ሳይሆን መስኮቱ ላይ አስቀምጪው። አንድ ሜትር ማዛወር ብዙ ጊዜ ሌላ ዕቃ ከመግዛት ያድናል።

ለአንቺ ቤት የምመርጠው ድምፅ ብቻ የሚያሰማውን፣ ዴክት በሚባለው ዘዴ የሚሠራውን ነው። ገመድ አልባ የቤት ስልክ የሚሠራበት ዘዴ ነው። የአውሮፓው ከ1880 እስከ 1900 ሜጋኸርዝ ስለሆነ ከዋይፋይ ጋር አይጋፋም፣ ኢንተርኔትም አይጠይቅም፤ ዲጂታል ስለሆነም እንደ ድሮው አናሎግ ጎረቤት በሬዲዮ አይጠልፈውም። ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፤ ላኪውና (ልጁ ጋ የሚቀመጠው) ተቀባዩ ሲቆራረጡ ተቀባዩ ጢጥ ጢጥ ይላል። ዝም ያለው ልጁ ስለተኛ ነው ወይስ መስመሩ ስለተቋረጠ የሚለውን የሚለይልሽ ይህ ነው። ሱቅ ውስጥ ሞክሪው፦ ሻጩ ላኪውን ከሶኬት ይንቀለው፤ አንድ ደቂቃ ጠብቀሽ ምንም ካልጮኸ ዕቃውን ተዪው፣ ስሙ የፈለገውን ያህል ትልቅ ቢሆን።

ከአሜሪካ ለሚመጣ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው ቻርጀሩ ነው። ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል «100-240» ቮልት ከተጻፈ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። «120» ብቻ ከሆነ የእኛ 220 ያቃጥለዋል፤ ያቺ ትንሽ ፕላስቲክ መቀየሪያ የእግሩን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አትቀይርም። ያኔ እዚሁ ሌላ ቻርጀር ግዢ፤ የሚሰጠው ቮልት ከዋናው ጋር እኩል፣ አምፒሩ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ ጫፉ ላይ ያለው የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ ምልክትም አንድ ዓይነት ይሁን። ምልክቱ ከተገለበጠ ሰክተሽ ሳትጨርሺ ዕቃው ሊቃጠል ይችላል።

ሁለተኛው ሞገዱ ነው። የአሜሪካ ዴክት ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርዝ ነው፤ ያ መስመር እኛ ባለንበት ክልል የሞባይል 3ጂ ነው። 900 ሜጋኸርዝ የሚሉት የአሜሪካ ዕቃዎችም ከእኛ የጂኤስኤም ስልክ መስመር ጋር ይደራረባሉ። ስለዚህ ዴክት ከሆነ ዱባይ ወይም አውሮፓ የሚሸጠውን አስመጪ። 2.4 ጊጋኸርዝ የሆነው ግን የትም አገር ይሠራል።

መብራትን በተመለከተ፦ ተቀባዩ ባትሪ አለው፣ ላኪው ግን ብዙውን ጊዜ ሶኬት ብቻ ነው። ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ላኪው በዩኤስቢ የሚሠራ ይሁን፣ ከዚያ ፓወር ባንክ ላይ አድርጊው። 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚለው 37 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ወደ 5 ቮልት ሲቀየር የሚባክነው ተቀንሶ 30 ያህል ይተርፋል። 1 ዋት የሚበላ የድምፅ ላኪ ሙሉ ቀን ይሠራበታል፣ 3 ዋት የሚበላ ካሜራ 10 ሰዓት ገደማ። ሁለት ወጥመድ አለ። አንዳንዱ ፓወር ባንክ የሚወሰድበት ከረንት በጣም ሲያንስ «ስልኩ ሞልቷል» ብሎ ራሱን ያጠፋል፤ ግማሽ ሰዓት ሰክተሽ ተመልከቺ። ሌላው፣ እየተሞላ እያለ መብራት ሲጠፋ ለሰከንድ ይቆርጥና ላኪውን ያጠፋዋል፤ ላኪው በራሱ ተመልሶ ይነሣል ወይስ ቁልፍ መጫን ይፈልጋል የሚለውን አስቀድመሽ እወቂ።

የሚሞሉ ትንንሽ ባትሪዎችን አውጥቶ ተራውን የሪሞት ባትሪ መክተት ደግሞ አይሞከርም። ቻርጅ ሲደረግ ያፈሳል፣ ቦታውንም በልቶ ይጨርሰዋል።

አይፒ_ካሜራ፦

ሽቦ ፈቺ ስለ ድምፁ ያለው ልክ ነው፤ ግን ካሜራን ቶሎ ባንጥለው። ድምፅ የሚነግርሽ ማልቀሱን ብቻ ነው። ልብስ አፉን ሸፍኖት ዝም ያለ ልጅ፣ ወይም ትንሽ ሲያድግ አልጋው ላይ ቆሞ የሚንጠላጠል ልጅ በድምፅ አይታወቅም።

የአዳማ ካሜራ ጠላት አጎበር ነው። ካሜራው ክፍሉ ሲጨልም ሌንሱ ዙሪያ ያሉትን የኢንፍራሬድ መብራቶች ያበራል። ያ ብርሃን ለዓይን አይታይም፣ ብዙ ቢሆን ጭላንጭል ቀይ ነው፤ ነጩ ክር ላይ አርፎ ሲመለስ ግን ካሜራው የሚያየው ወተት የመሰለ መጋረጃ ብቻ ይሆናል። ሰው «ካሜራው ተበላሽቷል» ብሎ የሚመልሰው በዚህ ነው። አንቺ የምትጠቀሚው ቀን ስለሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። ካሜራው መጋረጃ ሲዘጋ መሽቷል ብሎ ወደ ሌሊት እንዳይቀይር ከአፑ ላይ «ቀን» የሚለው ላይ አስቆልፊው፣ መጋረጃውንም አንድ ስንዝር ክፈቺ። ለሌሊት ከሆነ ኢንፍራሬዱን አጥፍተሽ ከአጎበሩ ውስጥም ከካሜራው ጎንም ያልሆነ፣ ከአልጋው ወዲያ ማዶ ደብዛዛ ቢጫ አምፖል አብሪ። ካሜራውን ከአጎበሩ ሜትር ተኩል ማራቅና በቀጥታ ሳይሆን በሰያፍ ማየቱም ይረዳል። አጎበሩን ቀዶ ሌንሱን ማስገባት ግን ወባን በር ከፍቶ መጋበዝ ነው።

ሁለት ዓይነት ካሜራ ነው ያለው። የራሱ ስክሪን ያለው ዋይፋይ አይፈልግም፣ ራሱ በ2.4 ጊጋኸርዝ ያገናኛል፤ ማይክሮዌቭ ሲሠራ ሊንተባተብ ይችላል። የስልኩ ደግሞ ራውተር ላይ የሚንጠለጠል ነው። ርካሾቹ 5 ጊጋኸርዝን አያዩም፤ ራውተሩ ሁለቱን በአንድ ስም ካወጣቸው ሲገጠም እምቢ ይላል፣ ስለዚህ ከራውተሩ ገጽ የ2.4ቱን ስም ለዪው። የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ጥበቃ ዓይነት ደብሊውፒኤ3 ብቻ ከሆነም አሮጌ ካሜራ አይገባም፣ ወደ ደብሊውፒኤ2 መልሺው።

መብራት ሲጠፋ ካሜራውን በፓወር ባንክ ማዳን አይበቃም፣ ራውተሩም መኖር አለበት። ብዙው የቤት ራውተር 12 ቮልት ስለሆነ ተራ ፓወር ባንክ አይሆነውም፤ 12 ቮልት መውጫ ያላት ትንሿ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የምትተካ ባትሪ) ትሻላለች። አንዳንድ ካሜራም 5 ሳይሆን 9 ቮልት ነው፣ ጀርባውን አንብቢ።

ኢንተርኔቱ ራሱ ሲቋረጥስ? ከመግዛትሽ በፊት ይህን አድርጊ፦ ካሜራውና ስልኩ አንድ ዋይፋይ ላይ ሆነው ከራውተሩ የኢንተርኔቱን ገመድ ንቀዪ። ምስሉ ከቀጠለ ቤት ውስጥ በቀጥታ ይገናኛል ማለት ነው። ከቆመ ካሜራሽ ልጅሽን የሚያሳይሽ ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ዞሮ ነው፤ እንዲህ ዓይነቱን አትግዢ። ኦንቪፍ ወይም አርቲኤስፒ (ምስሉን ለሌላ አፕ የሚያቀብሉ ዘዴዎች) የሚል ያለው ከሆነ ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻም መክፈት ይቻላል። ከቤት ውጭ በሞባይል ዳታ የምታዪ ከሆነ በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚልክ ምስል በሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል፤ ጥራቱን ዝቅ አድርጊው።

የፋብሪካውን የይለፍ ቃል የዚያኑ ዕለት ቀይሪ፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሪ፣ ሶፍትዌሩንም አድሺ። ያገለገለ ከገዛሽ ሪሴት ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ የቀድሞው ባለቤት ፊትሽ ከራሱ አካውንት ይሰርዘው።

ሕፃናት_ክፍል፦

ስለ ካልሲው። ጤነኛ ሆኖ ለተወለደ ልጅ አያስፈልገውም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ የቤት ውስጥ የልብና የትንፋሽ መከታተያ የሕፃን ድንገተኛ ሞትን ለመቀነስ ተብሎ እንዳይያዝ መክሯል። ኦውሌት የሚባለው ኩባንያ ካልሲም ያለፈቃድ ለሕክምና ዓላማ ቀርቧል በሚል በ2021 ከአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ማስጠንቀቂያ ደርሶት ነበር፤ በ2023 ፈቃድ ያገኘው ድሪም ሶክ የሚባለው ሞዴል ከ1 እስከ 18 ወር ላሉ ጤነኛ ሕፃናት ነው። እግር ሲንቀሳቀስ ወይም ሲላላ በከንቱ ይጮኻል፤ እናትን እንቅልፍ ይነሣል። ያለጊዜው ለተወለደ ወይም የልብ ችግር ላለበት ልጅ ሐኪሙ የሚያዘው መሣሪያ ሌላ ነው፣ ከሱቅ አይገዛም።

አይፒ ካሜራ «ልብስ አፉን ሲሸፍነው ይታያል» ብለዋል። ልብሱ መጀመሪያውኑ አልጋው ላይ መኖር የለበትም። ትራስም፣ ወፍራም ብርድ ልብስም፣ አሻንጉሊትም ይውጣ፤ ልጁ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ በጀርባው ይተኛ። ሌሊት እናንተ ክፍል ማደሩ በጣም ጥሩ ነው፣ ቢያንስ እስከ 6 ወር ይቀጥል።

ገመዱን በተመለከተ ድርድር የለም፤ ላኪውም ካሜራውም ገመዳቸውም ከአልጋው ከ1 ሜትር በላይ ይራቁ። ዛሬ የማይደርስበት ልጅ ከጥቂት ወር በኋላ ይጎትተዋል፣ አንገቱ ላይም ሊጠመጠም ይችላል። ካሜራውን አልጋው ጠርዝ ላይ በመቆንጠጫ የሚሰቅሉ አሉ፤ አይሆንም፣ ግድግዳ ላይ ይሁን።

የክፍል ሙቀት የሚያሳይ ሞኒተር ከሆነ ቁጥሩን ሙሉ በሙሉ አትመኚው፤ ዕቃው ራሱ ስለሚሞቅ ከፍ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። በሚያዝያ የአዳማ ሙቀት የልጁን ደረት ወይም ማጅራት በእጅሽ ንኪ፤ ካላበውና ከጋለ አንድ ልብስ ቀንሺ። እጅና እግሩ ቢቀዘቅዝ አያሳስብም። ትንፋሹ ካሳሰበሽም ተረጋግቶ ሳያለቅስ ደረቱን እያየሽ ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሪ። ከ2 ወር በታች 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50ና ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወደ ጤና ተቋም ውሰጂው።

አራስ_ቤት፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዴክቱን ልይዝ ነው። አንድ ነገር ቀረኝ፤ ቬንቲሌተሩ ሲሠራ ቀኑን ሙሉ ሹ... ሲል አይውልም? እስኪገዛ ድረስስ ሁለት አሮጌ ስልክ ያገለግላል?

ሽቦ_ፈቺ፦

ይላል፣ ካላስተካከልሽው። ላኪው ድምፅ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ብቻ የሚከፍት አሠራር አለው፤ ትንሽ ድምፅ የመስማት አቅሙ (ሴንሲቲቪቲ) ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ይስተካከላል። ከከፍተኛው ጀምሪ፣ ቬንቲሌተሩን አብሪ፣ ተቀባዩ ዝም እስኪል አንድ አንድ ደረጃ ቀንሺ፣ እዚያው አቁሚ። ላኪውን ቬንቲሌተሩ ከቆመበት ጠረጴዛ ላይ አታድርጊው፤ ንዝረቱ በእንጨቱ በኩል ማይክሮፎኑ ጋ ይደርሳል። ክረምት ላይ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ወይም ያ ከከተማው ዳር ተርባይኖቹን የሚያሽከረክረው ነፋስ ጣሪያውን ሲያንገጫግጭ የትኛውም ደረጃ አያዋጣም። ያን ጊዜ ሁልጊዜ ክፍት የሚለው ላይ አድርገሽ የድምፁን መብራት ተመልከቺ፤ የዝናብ መብራት ቆሞ ይቀራል፣ የልቅሶ ከፍ ዝቅ ይላል።

ዞሮ_ገጠም፦

ሁለት ስልክ ለጊዜው ይሆናል። ያለ ኢንተርኔት በቀጥታ የሚያገናኝ አፕ ምረጪ። አንቺ የያዝሽው ስልክ ሆትስፖት ይክፈት፣ ማንም ካልተጠቀመ ራሱን የሚያጠፋበትን ምርጫ ዝጊበት። ልጁ ጋ ያለውን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርገሽ ዋይፋዩን ብቻ አብሪ፤ ስልክ ቢደወል ማይክሮፎኑን ይነጥቃልና። በሁለቱም ላይ ከአፑ የባትሪ ምርጫ ውስጥ «አንሪስትሪክትድ» የሚለውን ያዢ፣ አለበለዚያ ስክሪኑ ከጠፋ በኋላ አንድሮይድ አፑን ይዘጋዋል፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚቋረጥበት ይኸው ነው። ስልኩን ከነመያዣው ፍራሽ ላይ አታስቀምጪ፣ ይግላል። ጀርባው ያበጠ ስልክ ከሆነ ከነጭራሹ ልጁ ክፍል አይግባ።

አፑ ሲቋረጥ መጮኹን ለማየት ሆትስፖቱን አጥፊና ጠብቂ። ከዚያ ትንሽ ሬዲዮ አልጋው ላይ ከፍተሽ፣ በሩን ዘግተሽ፣ ድስት እየተጠበሰና ቧንቧ እየፈሰሰ ማድ ቤት ሆነሽ አድምጪ። እዚያ ካልተሰማ ስልኩን ወገብሽ ላይ አድርገሽ ንዝረቱን አብሪ።