ብርቅ በሽታ «የአዲስ አበባ ሥራ» ነው መባሉ አንገብግቦኛል

የሆጤው፦ ሰላም የወሎ ልጆች። ሰሞኑን በአንድ የጤና ውይይት ላይ ስለ አንጎልና ስለ ህብለ ሰረሰር ቀዶ ሕክምና ጥያቄ ተነሳ። ከመድረኩ የተሰጠው መልስ «እንዲህ ያለው ብርቅ በሽታ የአዲስ አበባ ሥራ ነው፤ እኛ ወባና ወሊድ ላይ እናተኩር» የሚል ነበር። አዳራሹም አጨበጨበ። ምኑ ነው የሚጨበጨበው? ሰውየው የሚታመመው እዚህ ነው። መጀመሪያ የሚያየው ባለሙያ ያለው ኩታበር ወይ ሐይቅ ጤና ጣቢያ ነው። ታዲያ ሥራው እንዴት የአዲስ አበባ ብቻ ይሆናል?

የኮምቦልቻ ልጅ፦ ወንድሜ፣ ተናጋሪው ልክ ነው። እኔ ብሆንም አጨበጭብ ነበር። ኒውሮሰርጀሪ፣ ማለትም ይህ የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ቀዶ ሕክምና፣ ሐኪሙ ብቻ አይደለም። ማይክሮስኮፕ አለ፣ ድሪል አለ፣ የውስጥ ምስል የሚያነሳው ኤምአርአይ አለ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ (አይሲዩ) አለ፣ ያንን ሁሉ የሚጠግን ሰው አለ። በዓመት ጥቂት ሰው ለሚያዝበት በሽታ ይህን ሁሉ እናውጣ? ደም እየፈሰሳት በቃሬዛ የምትመጣዋ እናትስ? ገንዘቡ እንደሆነ አንድ ነው።

ሲስተር ከጢጣ፦ ስለ ገንዘቡ ከመከራከራችሁ በፊት አንድ ያየሁትን ልናገር። የጤና ተቋሙን ስም አልጠራም። አንዲት የገጠር እናት ነበረች። ሁለቱም እጆቿ የቃጠሎ ጠባሳ ናቸው። ምጣድ ላይ እጇ ይጠበሳል፣ እሷ ግን ሽታው ሲመጣ ነው የምታውቀው። «ሥጋ ደዌ ነው» አሏት። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከድሮ ጀምሮ በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀ ስለሆነ እኛ አገር እጁ የደነዘዘ ሁሉ ወሬው ወደዚያው ነው። ጎረቤት ቡና መጥራት ተወ። ፍንጃሏን ለየች።

በኋላ አንድ ወጣት ሐኪም አያት። ጥጥ አመጣ። ሁለት ጠርሙስ ውሃ አመጣ፣ አንዱ የሞቀ፣ አንዱ የቀዘቀዘ። ዓይኗን አስጨፈናት። በጥጥ ሲነካት «ነካኸኝ» ትላለች፣ ቦታውንም በትክክል ታሳያለች። የሞቀውን ጠርሙስ ሲያስነካት «ጠርሙስ ነው» አለች። ሙቅ ይሁን ቀዝቃዛ አላወቀችም። ከዚያ «ስታስይ ምን ይሰማሻል?» አላት። ማጅራቷን ያዘች። «እዚህ ጋ ይሰነጥቀኛል» አለች። ለዓመታት እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ሐኪም ነኝ፦ ሲስተር የጻፈችው በትክክል መጽሐፉ ላይ ያለው ነው። ኪያሪ ይባላል፣ እንደ ፈረንጆች በ1891 በጻፈው ኦስትሪያዊ በሃንስ ኪያሪ ስም። የትንሹ አንጎል የታችኛው ጫፍ በራስ ቅሉ ግርጌ ባለው ቀዳዳ ወደ አንገት ይወርዳል። የአንጎል ውሃ መተላለፊያው ይጠባል። ከዚህ የተነሳ ህብለ ሰረሰሩ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ክፍተት ሊፈጠር ይችላል። ያ ክፍተት መጀመሪያ የሚጎዳው መሃል ላይ የሚሻገሩትን የሙቀትና የሕመም መስመሮች ነው። የመነካት ስሜት በሌላ መንገድ ስለሚሄድ ይተርፋል። ለዚህ ነው ጥጡን አውቃ እሳቱን ያላወቀችው።

ሥጋ ደዌ ግን ነርቩን የሚይዘው እጅና እግር ላይ ነው። መነካቱም አብሮ ይጠፋል። ቆዳ ላይ የደነዘዘ ምልክት ይኖራል፣ ክርን ላይ ያለው ነርቭ ሊወፍር ይችላል። ይህን ለመለየት የመጀመሪያው መሣሪያ ጣት፣ ጥጥና መዶሻ ነው።

የኮምቦልቻ ልጅ፦ ዶክተር፣ አመሰግናለሁ። ግን ራስህ መሰከርክልኝ። ከጥጡ በኋላስ? ኤምአርአይ፣ ከዚያ ኦፕሬሽን። ሁለቱም የአዲስ አበባ ሥራ።

የሆጤው፦ እንደገና «የአዲስ አበባ ሥራ»! ጥጡን የያዘው ማን ነው? አዲስ አበባ የሚደርሰው እኮ እዚህ የታወቀ ሰው ብቻ ነው። ያልታወቀው ቤቱ ተቀምጦ «ሥጋ ደዌ» ይባላል።

እሺ፣ ታሪኩንም እንይ። የኒውሮሰርጀሪ ትምህርት ጥቁር አንበሳ የተጀመረው እንደ ፈረንጆች በ2006 ነው፣ ከኖርዌይ በርገን ጋር በመተባበር። ያኔ «ይህ የኖርዌይ ሥራ ነው» ብለው ቢያጨበጭቡ ኖሮ ዛሬ የምትልከን አዲስ አበባ ራሷ ሰው አይኖራትም ነበር።

ወልድያ ነኝ፦ ክርክሩ ደስ ይላል። ግን ሁላችሁም ስለ ደሴ ነው የምታወሩት። ከቆቦና ከላሊበላ የሚመጣውስ? ለእኛ ደሴም ራሷ «አዲስ አበባ» ናት።

የሆጤው፦ ወልድያ፣ እሱን ሌላ ቀን።

ወልድያ ነኝ፦ ሁሌ ሌላ ቀን ነው።

የሐይቅ ዳር፦ የኮምቦልቻው፣ ርቀት ራሱ በሽታ እንደሚሆን ላሳይህ። ጭንቅላቱ ውሃ የቋጠረ ሕፃን ሻንት ይገባለታል። ቀጭን ቱቦ ናት፤ ውሃውን ከአንጎል ወደ ሆድ ታወርዳለች። ያቺ ቱቦ ከተደፈነች ልጁ ያስመልሰዋል፣ ይፈዛል፣ ቶሎ ካልደረሰ ይሞታል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተንታ ወይ ከመካነ ሰላም ስትነሳ ደግሞ አስበው።

ይህን ችግር ፊት ለፊት ያዩት ኡጋንዳ ውስጥ ነው። ምባሌ የምትባል ከተማ አለች፣ ከካምፓላ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። እንደ ፈረንጆች በ2001 እዚያ የልጆች የኒውሮሰርጀሪ ሆስፒታል ተከፈተ። ቤንጃሚን ዋርፍ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ልጆቹ ቱቦው ሲደፈን ተመልሰው መምጣት እንደማይችሉ አየ። ስለዚህ ኢንዶስኮፕ በሚባል ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ አንጎል ውስጥ ለውሃው ሌላ መውጫ መክፈትን፣ ውሃውን የሚያመነጨውን ሕዋስ ከመተኮስ ጋር አጣምሮ ሠራ። ብዙ ልጆች ቱቦ ሳያስፈልጋቸው ቀረ። ዘዴውን ሌላው ዓለምም ተማረው። ከዋና ከተማ ውጭ ምንም አይሠራም ያለው ማን ነው?

የኮምቦልቻ ልጅ፦ ምባሌን በለጋሽ ገንዘብ ነው የሠሩት። ለጋሹ ሲሄድስ? እኛ አገር ማሽን ተክሎ ፎቶ መነሳት ቀላል ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ዕቃ ይበላሻል፣ በሩ ይቆለፋል። በ2014 ደሴ ሆስፒታል ላይ የሆነውን ረሳችሁት? ተዘርፎ አልነበረም እንዴ?

ሲስተር ከጢጣ፦ 2014ን ባታነሳው ይሻል ነበር፣ ግን ካነሳኸው ልናገር። ጥቅምትና ኅዳር ላይ የአዲስ አበባ መንገድ ተዘግቶ ነበር። ያን ጊዜ «የአዲስ አበባ ሥራ» የተባለ ሕመምተኛ ሁሉ የማንም ሥራ አልነበረም። እዚሁ ነው የቀረው።

የኮምቦልቻ ልጅ፦ ይሄ ይገባኛል፣ ሲስተር። ያመኛልም። ግን የእኔን ነጥብ ነው የሚያጠናክረው።

ሲስተር ከጢጣ፦ በፍጹም አያጠናክርም።

አባት ከኩታበር፦ ልጆቼ፣ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። ለአንገትና ለወገብ ሁሉ ኦፕሬሽን ነው የምትሉት። የእኛ አገር ወጌሻ ስንቱን አስነስቷል።

ሐኪም ነኝ፦ አባባ፣ ወጌሻ ስብራት ቢያሽ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። አንገትና አከርካሪ ላይ ግን እባክዎ አይሁን። የወገብ ሕመም ነው የተባለ ብዙ ሰው የአከርካሪ ቲቢ ሆኖ ይገኛል። አጥንቱ በውስጥ ተበልቷል። በላዩ ላይ ሲጫኑት ህብለ ሰረሰሩን ይደፍቀዋል፣ እግር ይሰንፋል። አብዛኛው የአከርካሪ ቲቢ ደግሞ በመድኃኒት ብቻ ይድናል። ቢላ የሚያስፈልገው ለጥቂቱ ነው።

አባት ከኩታበር፦ እኛ ወጌሻ ቤት የምንሄደው ሐኪም ስለጠላን መስሎሃል? ሐኪሙ ወረቀት ጽፎ «አዲስ አበባ ሂድ» ስለሚለን ነው። አዲስ አበባ ዘመድ የለኝ። አልጋ መያዣ የለኝ። ወጌሻው ግን ቤቱ ቅርብ ነው፣ ጠዋት ሄጄ ማታ እመለሳለሁ። ይህን አስቡበት።

የሆጤው፦ አባባ ነገሩን ጨረሱት። አንቱን ያቆይልን።

እህት ከሸዋበር፦ ወላሂ ሁላችሁም ትታችሁት የሄዳችሁት ነገር አለ። መከላከል። ጀርባው ክፍት ሆኖ ከሚወለደው ሕፃን ብዙውን ፎሊክ አሲድ በሚባል ቫይታሚን መከላከል ይቻላል። የሕፃኑ ህብለ ሰረሰር የሚዘጋው በፅንስ 28 ቀን ውስጥ ነው። ያን ጊዜ እናቲቱ ማርገዟንም አታውቅም። ለእርግዝና ክትትል ስትመጣ የሚሰጣት ኪኒን ለዚህ ነገር ዘግይቷል። እንደ ፈረንጆች በ1991 የወጣው የእንግሊዞች ጥናት እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ከማርገዛቸው በፊት ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ድጋሚ እንደዚያ ያለ ልጅ የመውለዳቸው ዕድል በ72 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል።

ፋብሪካ በሚፈጨው የስንዴ ዱቄት ላይ መጨመር ጥሩ ነው። ግን የወረኢሉ ገበሬ ጤፉን ሰፈር ወፍጮ ነው የሚያስፈጨው። ፋብሪካውን መች ያውቀዋል? ጨው ግን ሁሉም ቤት ይገባል። እኔ ጨው ላይ ቢሠራ ነው የምለው።

የኮምቦልቻ ልጅ፦ ይኸው! እህታችን ከእኔ ጋር ናት።

እህት ከሸዋበር፦ ከአንተ ጋር አይደለሁም። ጨው የተወለደውን ልጅ አያክምም። ኪያሪም ሁሉ በፎሊክ አሲድ አይቀርም። ሁለቱም ይሠራ ነው ያልኩት።

ሐኪም ነኝ፦ ለማሽን ለጓጓችሁትም አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። አንጎሉ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ወርዶ ሲታይ ኪያሪ ይባላል። ግን ይህ ኖሮት ምንም ሳይሰማው የሚኖር ሰው ብዙ ነው። ለሌላ ነገር ኤምአርአይ ተነስቶ ድንገት ሲገኝበት ይደነግጣል፣ ቤቱን ሸጦ ልሠራ ይላል። ምልክት የሌለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክትትል ነው የሚያስፈልገው። ምርመራውን የሚያነብና «አንተ አትሠራም» የሚል ሰው ከሌለ ማሽኑ ብቻውን ጉዳት ነው።

የሐይቅ ዳር፦ ሲስተር፣ ያቺ እናት ምን ሆነች?

ሲስተር ከጢጣ፦ አዲስ አበባ ተሠራላት። ከራስ ቅሏ ኋላ ትንሽ አጥንት አነሱላት፣ ከመጀመሪያው የአንገት አጥንትም እንዲሁ። የማጅራቷ ሕመም ለቀቃት። እጇ ግን ዛሬም እሳት አያውቅም። የጠፋው ስሜት ብዙ ጊዜ አይመለስም፣ ኦፕሬሽኑ ዋና ጥቅሙ እንዳይብስ ማቆሙ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ጥጥ የያዘ ሰው ቢያያት ኖሮ እጇ ይተርፍ ነበር ብዬ አምናለሁ። ቁስሏን የምናጥብላት ደግሞ አዲስ አበባ ሳይሆን እኛው ነን።

የኮምቦልቻ ልጅ፦ እሺ። ጥጡን ተቀብያለሁ። ሁሉም ጤና ጣቢያ ይማረው። ሕፃን ሲወለድ ጀርባው ይታይ፣ ወገቡ ላይ ጉድጓድ ወይ ጠጉር ካለ ይመዝገብ፣ የጭንቅላቱ ዙሪያ በሜትር ይለካ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ኦፕሬሽን ክፍሉን ግን አልቀበልም። ገና ነው።

የሆጤው፦ ገና ነው ማለት መቼ ነው? ቀን ቁረጥልኝ።

የኮምቦልቻ ልጅ፦ እናቶች በወሊድ መሞት ሲያቆሙ።

የሆጤው፦ እስከዚያ ሻንቱ የተደፈነበት ልጅ ይጠብቅ ነው የምትለው? ፊቱ ቆመህ በለው።

የኮምቦልቻ ልጅ፦ አንተም ደም የሚፈሳት እናት ፊት ቆመህ በላት።

ወልድያ ነኝ፦ ስለ ቆቦ መልስ አልሰጣችሁኝም።