የ75 ላንድክሩዘር የፊት እግር ጥቁር ዘይት ያዣል፤ ሩዝ ሳይነሣ ቅዳሜና እሑድ ላይ የቱን ላስቀድም?

ጥያቄ፦ ፎገሬው

ሰላም ለሁላችሁ፣ ምክር ፈልጌ ነው። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ የቤተሰብ ማሳችን ግን ወረታ ነው። መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1995 የተሠራ 75 ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ነው። ሞተሩ 1ኤችዜድ፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌለው። ሞተሩ አሁንም ጠንካራ ነው፣ ዘይትም አይበላም።

ነሐሴ ላይ ርብ ሞልቶ ፎገራ ሜዳ ላይ ውኃ በተኛበት ሰሞን ማዳበሪያ ይዤ ስመላለስ ውኃው ከሞዞው (ከጎማው መሐል) በላይ ይደርስ ነበር። ከዚያ ወዲህ በግራ የፊት ጎማ፣ መሪው የሚታጠፍበት ኳስ ላይ፣ ጥቁር ቀጭን ዘይት እያዠ ቸርኬውን ከውስጥ በኩል አልብሶታል። ኮረኮንች ላይ ትንሽ ፈጠን ስል መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ጠዋት ደግሞ ናፍጣ ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ ደጋግሜ ካልተጫንኳት አይነሣም። ሲነሣም ነጭ ጭስ ያወጣና ቆይቶ ይጠራል።

ኅዳር ላይ ሩዝ ማንሣት አለ። በሥራ ቀን ጋራዥ ማቆም ስለማልችል ያለኝ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። ያጠራቀምኳት ገንዘብ ሰፋፊ ጎማ ለመግዛትና ባሌስትራውን 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ለማስደረግ፣ ከተረፈም ሁለተኛ ባትሪ ለመጨመር ነበር። የቱ ይቅደም? የፊት እግሩንስ ግቢ ውስጥ መፍታት ይቻላል? መፍቻ አለኝ፣ የእህቴም ባል ያግዘኛል።

መልስ፦ የድሮ መካኒክ

ወንድሜ፣ የፊት እግሩ ይቅደም። ሌላውን ሁሉ ለጊዜው ተወው።

የምታየው ጥቁር ነገር ሁለት ዓይነት ቅባት ተቀላቅሎ ነው። ኳሱ ቤት ውስጥ መኖር ያለበት ወፍራም ግሪስ ብቻ ነው። የዲፈረንሻሉ ዘይት ደግሞ ሴሚያሱን (ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ) ዙሪያውን በያዘች ትንሽ ፓራኦሊ (የዘይት ማገጃ ላስቲክ) ታግዶ አክስሉ ውስጥ ይቀራል። ያቺ ፓራኦሊ ስትበላ ዘይቱ ወደ ኳሱ ቤት ያልፍና ግሪሱን ያቀጥነዋል። የቀጠነው ግሪስ በኳሱ ጀርባ ባለው ላስቲክ እያለፈ ይወጣል። ብዙ ሰው የሚታየውን የውጭ ላስቲክ ብቻ አስቀይሮ ይሄድና ሳይቆይ ይመለሳል። ምንጩ ውስጥ ነው። ዝም ካልከው ዲፈረንሻሉ እየጎደለ ይሄዳል። ዘይቱ ፍሬን ዲስኩ ላይ ከደረሰ ደግሞ ፍሬን ስትይዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትትሃል፤ ሩዝ ጭነህ እንዲያ እንዲሆንብህ አትፈልግም።

ከመፍታትህ በፊት የመንቀጥቀጡን ምንጭ ለይ። ጎማውን አንሣና ከላይና ከታች ይዘህ ወደ ውስጥ ወደ ውጭ ነቅንቀው። ከተነቃነቀ የእህትህ ባል ፍሬን ይርገጥና አንተ ድገመው። ፍሬን ሲረገጥ መነቃነቁ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው። ካልጠፋ ኳሱ ከላይና ከታች የሚዞርባቸው ትንንሾቹ ኩሽኔታዎች ናቸው። ይህን ሳታውቅ መለዋወጫ አትግዛ።

ግቢ ውስጥ ይሠራል። ግን በክሪክ ብቻ አንሥተህ ሰው ከሥሩ አይግባ። አክስሉ ሥር የብረት ማቆሚያ ይግባ፣ የኋላ ጎማዎቹም በድንጋይ ይታገዱ። የሞዞው ዳዶ በ54 ቁጥር ቡሶላ ነው የሚፈታው፤ ከሌለህ ተዋስ። በመሮና በመዶሻ የሚፈቱት አሉ፤ ዳዶው ይበላሻል፣ የብረት ፍርፋሪውም ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል። ቡሶላ ስታገኝ ዳዶዎቹ ሁለት መሆናቸውን እወቅ፤ በመካከላቸው ጥርሷ የታጠፈ መቆለፊያ ሮንዴላ አለች፤ መጀመሪያ እሷን አቅና።

ፍሪ ሃቡን (ሞዞው ጫፍ ላይ ያለውን የጎማና የሴሚያስ ማገናኛ) ስታወልቅ ዳዶዎቹ ከላሉ በኋላም አልላቀቅ ይልሃል። እያንዳንዱ ቡሎን ላይ ሾጣጣ ሮንዴላ ተቀርቅራ ስለያዘችው ነው። በካቻቢቴ አትፈልቅቅ። ዳዶውን ቡሎኑ ጫፍ ላይ ጥቂት ጥርስ መልሰህ አስይዘውና በነሐስ ዘንግ መታ መታ አድርገው፤ ሮንዴላዋ ብቅ ትላለች። ነሐሱ የቡሎኑን ጥርስ ያድንልሃል።

ኳሱን የሚይዙትን የላይና የታች ክዳኖች ስታነሣ ከሥራቸው ስስ የብረት ቅጠሎች ታገኛለህ። የላዩን ለብቻ፣ የታቹን ለብቻ በሽቦ እሰርና ጻፍበት። ሴሚያሱ ፓራኦሊዋ መሐል ላይ እንዲያልፍ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ከተቀያየሩ አዲሷ ፓራኦሊ በአንድ ጎኗ ተጭና ወዲያው ትበላለች።

አንድ ነገር ልብ በል፦ ሁለቱንም እግር ባንድ ጊዜ አትፍታ። ቅዳሜ በጠዋት ግራውን ጀምር፣ የጎደለ ነገር ቢኖር መለዋወጫ ሱቅ ክፍት ነው፤ እሑድ ስትገጥመው ምን የት እንደነበር ቢጠፋህ ያልተፈታውን ቀኙን ታያለህ። ቀኙ ለሚቀጥለው ሳምንት።

መልስ፦ የመስክ ሹፌሯ

ጋሼ በጻፉት ላይ ልጨምር። እኔ የማሽከረክረው የመስክ መኪና ነው፤ ከሐሙሲት እስከ አዲስ ዘመን ያለውን ሜዳ ክረምት ከበጋ እመላለስበታለሁ።

ፎገሬው፣ የአክስሉን መተንፈሻ አይተሃታል? አክስሉ ላይ ያለች ትንሽ ቆብ ናት፤ ባንዳንዱ መኪና ላይ ደግሞ ቱቦ ተገጥሞላት ወደ ላይ ትወጣለች። ዲፈረንሻል በጉዞ ይሞቃል። የሞቀው ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይቀዘቅዝና ይኮማተራል፤ የጎደለውን አየር በመተንፈሻዋ መሳብ አለበት። መተንፈሻዋ በጭቃ ከተደፈነች በፓራኦሊዎቹ በኩል ውኃ ይስባል። እንደገና ሲሞቅ ደግሞ ዘይቱን በዚያው በኩል ይገፋዋል። አንተ የነገርከን ነሐሴ ላይ ውኃ ገብቶ ከዚያ ወዲህ ማዣት እንደጀመረ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ እዚያ ነበር የማየው። ፈትተህ በናፍጣ ማጠብና በአፍ መንፋት ነው፤ አየር ካላለፈ ሌላ አስገባባት። የጎማ ቱቦ አግኝተህ እስከ ሞተሩ ክፍል ላይኛው ድረስ ብታወጣት ደግሞ ለመኪናህ ከምትጨምርለት ነገር ሁሉ ርካሹና ጠቃሚው ነው።

የፊቱንም የኋላውንም ዲፈረንሻል ዘይት ጠብታ አውጥተህ እይ። ቡና በወተት ከመሰለ ውኃ ገብቷል፤ ሁለቱም ይቀየሩ። ዘይት ከማፍሰስህ በፊት የመሙያውን ቡሎን አላላ። ያ አልፈታ ቢልህ ባዶ ዲፈረንሻል ይዘህ ትቀራለህ። ዘይቱ 80ደብልዩ90፣ ጂኤል5 የሚል ይሁን።

አሮጌውን ዘይት ደግሞ እባክህ ጀሪካን ውስጥ አጠራቅመው። ቦይ ውስጥ የደፋኸው ዝናብ ሲመጣ ጣና ወይም ዓባይ ነው የሚገባው። ዓሣውን የምንበላው እኛው ነን።

መልስ፦ የቁንዝላው

በእግሩ እስማማለሁ። ጎማውን ግን ጨርሶ ተወው ማለት አይዋጥልኝም። ጎማም እንደ ፍሬን ነው፤ ጥርሱ ካለቀ አይዝም፤ ዋልካ ላይ ደግሞ ያለ ጥርስ መኪና ቀጥ ብሎ አይሄድም። ጥርሱ ያለቀ ከሆነ ግዛ፣ ግን ሰፊ አትግዛ። የመኪናው የራሱ 7.50 በ16 ጠባብ ስለሆነ ጭቃውን ቆርጦ ሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ይፈልጋል፣ ጥርሱም ቶሎ ይራገፋል። በምዕራብ በኩል በደልጊና በቁንዝላ መንገድ ሰፊ ጎማ የገጠሙት ክረምት ላይ ቀድመው ሲንሸራተቱ አይቻለሁ። ሰፊው ለአሸዋ ነው፤ እኛ ጋ አሸዋ የት አለና።

ባሌስትራውን ማስነሣት ግን እኔም አልመክርም። ቦኮላዎቹ (የባሌስትራው ዓይን ውስጥ ያሉት ላስቲኮች) አልቀው ከሆነ እነሱን ቀይር፤ መኪናው አዲስ የሆነ ይመስልሃል።

መልስ፦ የድሮ መካኒክ

የቁንዝላው ያለው ልክ ነው፤ ጥርሱ ያለቀ ከሆነ ጎማ ይቅደም ብል ቅር አይለኝም። በባሌስትራው ላይ ምክንያቱን ልናገር፦ ፊቱ ከፍ ሲል አክስሉ ወደ ፊት ይዞርና መሪው ቀጥ ብሎ መቆም ይሳነዋል፤ ወደ ፊት አክስል የሚሄደውም ትራንስሚሽን (የሚዞረው ዘንግ) በጠማማ ማዕዘን እየሠራ ክሮቼራውን (መታጠፊያ መገጣጠሚያውን) ይበላል። አሁን የሚንቀጠቀጥ መሪ ይዘህ በላዩ ይህን ብትጨምርበት የቱ የየትኛው ችግር እንደሆነ መለየት አትችልም።

መልስ፦ ኤሌትሪኩ

እኔ ስለ ጠዋቱ ልበል። የእጅ ፓምፕ ስትጫን የሚነሣ ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ካንዴላ (ሲነሣ ሞተሩን ከውስጥ የሚያሞቀው) ሳይሆን አየር ነው። መኪናው ሌሊቱን ሲቆም የሆነ ቦታ አየር እየገባ ናፍጣው ወደ ሰልባትዮ (ወደ ነዳጅ ታንኩ) ይመለሳል። ከፊልትሮው ወደ ኢንጀክሽን ፓምፑ በሚሄደው መስመር ላይ ለጊዜው ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ ግጠም፤ ጠዋት ሞተሪኖ ስትመታ አረፋ ካየህበት ማረጋገጫ ነው። ከዚያ ከሻንሲው ወደ ሞተሩ የሚሻገሩትን የጎማ ቱቦዎች እጠፋቸው፤ ሲታጠፉ ከተሰነጣጠቁ ቀይር። ኖዝሎቹ ላይ ያሉትን ቀጫጭን የመመለሻ ቱቦዎችም አትርሳ፣ የሚረሱት እነሱ ናቸው። የእጅ ፓምፗ ራሷ ሥሯ ረጥባ ከሆነ እዚያም አየር ይገባል።

ካንዴላዎቹን ለመፈተሽ ስድስቱንም የሚያገናኘውን ጠፍጣፋ ብረት ፍታና አምፖል ያለው መፈተሻ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ እያንዳንዱ ካንዴላ ንካ። አምፖሉ ደምቆ ከበራ ካንዴላው አለ፤ ካልበራ ተቃጥሏል። ይህ ሞተር ናፍጣውን መጀመሪያ የሚያቃጥለው በቅድመ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ባሕር ዳር ጠዋቷ ብዙ ባይቀዘቅዝም ያለ ካንዴላ ይቸገራል። ነጭ ጭሱ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። አዲስ ስትገዛ መኪናህ 12 ቮልት ይሁን 24 አረጋግጥ።

ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ብታይ ደግሞ አትደንግጥ። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር አየሩ በአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ የሚተነፍሰው ያንኑ ነው። የአየር ፊልትሮውን ግን ጠብቅለት።

ሁለተኛ ባትሪ ይቆይ። ስትጨምረው ፊውዝ ባትሪው አጠገብ ይሁን።

ጥያቄ፦ ፎገሬው

እናንተ ያላችሁት ሁሉ ወጣ። የፊት ዲፈረንሻሉ ዘይት ቡና በወተት ሆኖ ነበር፤ የኋላው ደኅና ነው። መተንፈሻዋ በጭቃ ደርቃ ነበር፣ አሁን ቱቦ ገጥሜ ወደ ላይ አውጥቻታለሁ። ጎማው ፍሬን ተረግጦም ይነቃነቅ ስለነበር የኳሱን ኩሽኔታዎች ፈታሁ፤ የታችኛው ዝጎ ሮለሮቹ ጎድጓዳ አውጥተዋል። ኖዝል ላይ ያሉት ቱቦዎችም ሲታጠፉ ተሰነጠቁ፤ ከተቀየሩ በኋላ የእጅ ፓምፗን ሳልነካ ነው የሚነሣው። እህቴ፣ ዘይቱንም በጀሪካን ይዤዋለሁ።

አንድ የቸገረኝ ነገር አለ፣ ጋሼ። ሴሚያሱ ፓራኦሊዋ በምታርፍበት ቦታ ላይ በጥፍር የሚዳሰስ ቀለበት ቦይ አውጥቷል። አዲሷን ብገጥምበት ትይዛለች? ሌላ ሴሚያስ መግዛት አሁን አቅሜ አይፈቅድም።

መልስ፦ የድሮ መካኒክ

እሰይ፣ ተባረክ። በጥፍር ብቻ የሚዳሰስ ከሆነ ሴሚያስ አትግዛ። ቦታውን በጣም ስስ በሆነ የአሸዋ ወረቀት ከዘይት ጋር ዙሪያውን አለስልሰው፤ ርዝመቱን ሳይሆን ዙሪያውን። ከዚያ አዲሷን ፓራኦሊ ቤቷ ውስጥ ከድሮው ቦታዋ ትንሽ ቀደም ብላ እንድትቆም አስገባት፤ ከንፈሯ ቦዩ ላይ ሳይሆን ያልተበላው ብረት ላይ ያርፋል። ዙሪያዋን እኩል እያልክ አስገባት፣ ከንፈሯንም ግሪስ ቀባው። ቦዩ ጥፍር የሚይዝ ጥልቀት ካለው ግን ቶርኖ ቤት ወስደህ ስስ ቀለበት አስለብሰው። ሴሚያሱን መልሰህ ስታስገባ ክብደቱ ፓራኦሊዋ ላይ እንዳያርፍ ከሥር ደግፈህ አሳልፈው፤ አዲስ ፓራኦሊ የሚቀደደው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ሲቪ ጆይንቱ (ኳሱ ውስጥ ያለው የሴሚያሱ መታጠፊያ) ውስጥ ሞሊብዲነም ያለበትን ግሪስ በጣትህ እየገፋህ ሙላው። ኳሱን ቤት ግን ጢም አታድርገው፣ ሩብ ያህል ቦታ ተውለት።

ሌላው፣ ስለ ሞተሩ ሳትነግረን የቀረኸው አለ። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ ነው የተቀየረው? 1ኤችዜድ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየርለታል። ከተበጠሰ ቫልቮቹ ፒስተን ይመታሉ፤ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ማውረድ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ፎገሬው

መዝገብ የለንም ጋሼ፤ ማንም አያስታውስም።

መልስ፦ የድሮ መካኒክ

እንግዲያው አልተቀየረም ብለህ ቁጠር። ለሰፋፊ ጎማ የያዝከውን ገንዘብ እዚያ አውለው፤ ቺንጋውን ብቻ ሳይሆን ወጣሪውን ኩሽኔታም አብረህ ቀይር። ይህኛውን ግቢ ውስጥ አትሞክረው፤ ምልክቶቹን አስተካክሎ የሚገጥም ሰው ዘንድ አንድ ቅዳሜ አቁምለት። የፊት እግሩን ከገጠምክ በኋላ ወረታ አንዴ ደርሰህ ተመለስና ሞዞውን በእጅህ ንካው። እጅ የማያስቀምጥ ሙቀት ካለው ዳዶው ጠብቋል፣ ትንሽ ይላላ። ጎማውንም አንሥተህ እንደገና ነቅንቀው፤ የኳሱ ክዳን ዳዶዎች በዚያን ጊዜ ትንሽ ስለሚለቁ መልሰህ አጥብቃቸው። ሩዙን የምትጭነው ከዚያ በኋላ ነው።